የእሑድ ነገር፦ ከካርቱም የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ታሪክ



ባለፈው የመምህራን ስብሰባ ላይ የነበራችሁ እንደምታስታውሱት፣ በዝናቡ ምክንያት የተቋረጠውን ፈተና በየትኛው ቀን እንስጥ የሚለው ጥያቄ ሁለት ሰዓት ሙሉ አከራክሮን ሳንስማማ ነው የተበተንነው። ግማሾቻችን "እሑድ ይሁንና ይገላገሉ" አልን። "እሑድማ ቅዳሴ አለ፤ ትልቁ ራኩባም በመዝሙር ተይዟል" ያሉ ነበሩ። ታዲያ ዓርብ ይሁን ሲባል ሙስሊም መምህራኖቻችን "ጁምዓ እኮ ነው፣ እንዴት ይሆናል?" አሉ። ቅዳሜ ደግሞ የራሽን ቀን ነው፤ ተማሪው እናቱን ትቶ ካርድ ሳያስመታ ፈተና ላይ አይቀመጥም። በመጨረሻ ከተማሪዎች ተወካዮች አንዱ እጁን አውጥቶ፣ "ይሄ የእኛ ካምፕ ችግር ብቻ ነው ወይስ ሌላም ቦታ ነበር?" ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ በሚገባ የመለሰለት አልነበረም።

ከእኛ መካከል አንዳንዶቻችን ሚያዝያ 2023 ጦርነቱ እስኪነሣ ድረስ ካርቱም ውስጥ ስንማርና ስናስተምር ነበርን፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጠን የወጣንም አለን። ስለዚህ ለዚያ ተማሪ ዘግይተንም ቢሆን መልስ ለመስጠት ያህል፣ በካርቱም የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ይህ የእምነትና የቀን ጉዳይ እንዴት እንደነበረ የምናውቀውን እንጽፋለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1846 ነው። በዚያ ዓመት የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 16ኛ "የመካከለኛው አፍሪካ" የሚባል ሰፊ ሀገረ ስብከት አቋቋሙ። የመጀመሪያዎቹ ሚሲዮናውያን ካርቱም የደረሱት በ1848 ሲሆን፣ መሪያቸው አባ ሪሎ በዚያው ዓመት ሞቱና ሥራው ኢግናትዮስ ክኖብለኸር በሚባሉ የስሎቬንያ ሰው እጅ ወደቀ። ካርቱም ያኔ የግብፅ ገዥዎች ከተማ ነበረች፤ የዝሆን ጥርስና የባሪያ ንግድ የሚካሄድባት። ሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ሲከፍት መጀመሪያ የተቀመጡለት ተማሪዎች እነማን ይመስሏችኋል? ከባሪያ ገበያ ተገዝተው ነፃ የወጡ ሕፃናት፣ እንዲሁም አውሮፓውያን ነጋዴዎች ካርቱም ውስጥ ከአፍሪካውያን ሴቶች የወለዷቸው ልጆች ናቸው። ከእነዚያ እናቶች ብዙዎቹ ሐበሾች ነበሩ። በመተማ በኩል ከኢትዮጵያ የሚወጣው የባሪያ ንግድ ወደ ሱዳን ያወርዳቸው ነበርና፣ ካርቱም ላይ ሐበሻ ማለት ያኔም የተሰደደ ወይም የተሸጠ ሰው ማለት ነበር። እኛ ዛሬ ስለዚያ ትምህርት ቤት ስናነብ የሩቅ አገር ታሪክ አድርገን የማናየው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚከብድ ነገር አለ። ከገበያ የተገዛ ሕፃን ነፃ ወጣ ይባላል። የሚበላው፣ የሚለብሰው፣ የሚማረው ከሚሲዮኑ ነው፤ የሚጸልየውም ሚሲዮኑ እንደሚጸልየው ነው። ይህ ልጅ ሃይማኖቱን መረጠ ማለት ይቻላል ወይ? ካህናቱ ነፍሱንም ሥጋውንም አዳንን ብለው ያምኑ ነበር፤ ከሞትና ከጅራፍ ማዳናቸውም እውነት ነው። እኛ ግን መጠለያና ራሽን የሚሰጥ እጅ ሰውን ምን ያህል አንገቱን እንደሚያስደፋ በኑሯችን ስለምናውቀው፣ ጥያቄውን እንዲሁ ማለፍ አልቻልንም።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ስለ አንድ ልጅ የጻፈው ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ልጁ ሳዓት ይባላል። ገና ሕፃን ሳለ ከፈርቲት አገር በባሪያ ፈንጋዮች ተማርኮ፣ ብዙ እጅ ዞሮ፣ በመጨረሻ ሚሲዮኑ ዘንድ ደረሰ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ላይ ካርቱም ያለው ሚሲዮን ልጆቹን "ሌቦች ናቸው" ብሎ በጅምላ ሲያባርር ሳዓትም አብሮ ተባረረ። ልጁ ወደ ቤከር ቤት ሄዶ ተንበርክኮ አሳድሩኝ አለ። የቤከር ባለቤት ነገሩን ብታጣራ ልጁ በሌሎች ጥፋት ነው የተባረረው። ከዚያ በኋላ ከእነርሱ ጋር እስከ ታላላቆቹ ሐይቆች ድረስ ተጉዞ ሲመለስ በ1865 በወረርሽኝ ሞተ። ዕድሜው ገና የተማሪ ዕድሜ ነበር። መምህር የሆነ ሁሉ ይህን ሲያነብ አንድ ቀን በቁጣ ከክፍል ያስወጣው ልጅ ትዝ ሳይለው አይቀርም፤ እኛማ ትዝ ብሎናል።

በእርግጥ ያኔ ሚሲዮናውያኑ ራሳቸው በሰላም አልነበሩም። በወባና በሌላ በሽታ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይቀበር ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሞተዋል። በነጭ ዓባይ ላይ የከፈቷቸው ጣቢያዎችም በ1860 ተዘጉ።

በ1857 ወደዚህ አገር ከመጡት ወጣት ካህናት አንዱ ጣሊያናዊው ዳንኤል ኮምቦኒ ነበሩ። እሳቸውም ታመው ወደ አውሮፓ ተመለሱ። በ1864 ግን አንድ ዕቅድ ጻፉ፤ ሐሳቡ ባጭሩ "አፍሪካን በአፍሪካውያን ማዳን" የሚል ነው። አውሮፓዊ እዚህ አይኖርም፣ ይሞታል፤ አፍሪካዊ ደግሞ አውሮፓ ሄዶ ሲማር ወይ ይሞታል ወይ ለአገሩ ባዕድ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም መኖር በሚችሉበት መካከለኛ ቦታ ላይ አፍሪካውያን ወንድና ሴት መምህራንን፣ የእጅ ሙያተኞችን፣ ካህናትን ማሠልጠን ይገባል የሚል ነው። ሴቶች መምህራን መሆን አለባቸው ብለው በግልጽ መጻፋቸው ለዘመኑ ቀላል አልነበረም። በ1867 ካይሮ ላይ እንዲህ ያሉ ቤቶች ከፈቱ። በ1873 ካርቱም ገቡ፤ በ1877 ጳጳስ ሆኑ። ወዲያው በ1878 ድርቅና ረሃብ ተከተለ። ጥቅምት 10 ቀን 1881፣ በ50 ዓመታቸው፣ እዚያው ካርቱም ውስጥ አረፉ። በ2003 ቅድስናቸው ታውጇል።

እኛን ከኮምቦኒ ሥራ ሁሉ የሚነካን ያ የመምህራን ነገር ነው። እዚህ ካምፕ ውስጥም ከውጭ የሚመጣ አሠልጣኝ ኮንትራቱ ሲያልቅ ይሄዳል፤ ጠመኔውን ይዞ የሚቀረው ስደተኛው መምህር ነው። በቅፅላችን "ኢንሰንቲቭ ሠራተኛ" ብንባልም።

ኮምቦኒ በሞቱበት በ1881 ነበር ሙሐመድ አሕመድ "እኔ ማህዲ ነኝ" ብሎ የተነሣው። በጥር 1883 ኤል ኦቤይድ በእጁ ወደቀች፤ እዚያና በአካባቢው የነበሩ ካህናትና ሲስተሮችም ተማረኩ። ጥር 26 ቀን 1885 ካርቱምም ወደቀች። ትምህርት ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም ቀረ። ምርኮኞቹ ኦምዱርማን ውስጥ በረሃብና በማስፈራራት ኖሩ፤ እስልምናን ተቀበሉ ተብለው ተገደዱ። ከእነሱ አንዱ አባ ዮሴፍ ኦርቫልደር በ1891 ከሁለት ሲስተሮች ጋር በግመል በረሃውን አቋርጠው ግብፅ ገቡ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ቀደም ሲል በሚሲዮኑ ግቢ ውስጥ ምርጫ ያልነበረው ሕፃኑ ነበር፤ አሁን ደግሞ ምርጫ ያጡት ካህናቱ ሆኑ።

በዚያው ዘመን ከዳርፉር ተሰርቃ ብዙ ጊዜ የተሸጠች አንዲት ልጅ ካርቱም ደርሳ ነበር። በ1883 የጣሊያን ቆንስል ገዛት፤ ከተማዋ ከመውደቋ በፊት ይዟት ወጣ። ይህች በኋላ ጣሊያን አገር ፍርድ ቤት ቀርባ ነፃነቷን ያረጋገጠችው፣ በ1890 ተጠምቃ መነኩሲት የሆነችው፣ በ2000 ቅድስት የተባለችው ባኺታ ናት። ካርቱም ውስጥ በስሟ የሚጠራ ነገር የበዛው በዚህ ምክንያት ነው። የሱዳን ክርስቲያኖች እንደ ራሳቸው እናት ነው የሚያይዋት።

በ1898 እንግሊዝና ግብፅ ሱዳንን መልሰው ሲይዙ ሚሲዮናውያኑም ተመለሱ። ነገር ግን አዲሱ መንግሥት ሁለተኛ ማህዲ እንዳይነሣ በጣም ይፈራ ነበር። ስለዚህ በሰሜን ሱዳን ሙስሊሞችን መስበክ ከለከለ፤ ትምህርት ቤት ግን ፈቀደ። ሙስሊም ልጅ ወላጆቹ ካልፈቀዱ በቀር የክርስትና ትምህርት እንዳይሰጠው የሚል ደንብም ወጣ። ሚሲዮናውያኑ ደንቡን አልወደዱትም። ለእኛ ግን ሳይፈልጉት የተቀበሉት ያ ደንብ ነው ትምህርት ቤቶቹን ያቆመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤቱ አንድን ልጅ የሚቀበለው ክርስቲያን አደርገዋለሁ ብሎ ሳይሆን አስተምረዋለሁ ብሎ ሆነ። ወላጅም ልጁን ሲሰድ የሚፈራው ነገር ቀነሰ።

በ1929 የኮምቦኒ አባቶች በከተማዋ መካከል ኮምቦኒ ኮሌጅን ከፈቱ። የካርቱም ሰው ሁሉ "ኮምቦኒ" ሲል የሚያስበው ይህን ግቢ ነው። የግሪክ፣ የአርመን፣ የሶሪያ፣ የቅብጥ፣ የሱዳን ልጆች፣ በኋላም የኢትዮጵያና የኤርትራ ስደተኞች ልጆች በአንድ ግቢ ተምረዋል። ሙስሊም ተማሪዎች ብዙ ነበሩ፤ ከጊዜ በኋላም የሃይማኖት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ሙስሊሞቹ ከሙስሊም መምህር ጋር፣ ክርስቲያኖቹ ከክርስቲያን መምህር ጋር ይማራሉ። ደወሉ ሲደወል ተመልሰው ሒሳብ አብረው ይማራሉ። ከዚያ ግቢ ከተማሩት አንዱ ሳዲቅ አልማህዲ ናቸው። አዎ፣ ሚሲዮናውያኑን የማረከው የማህዲ የልጅ ልጅ ልጅ! በኋላ ሁለት ጊዜ የሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። በ1983 የወጣውን የሸሪዓ ሕግ ሲነቅፉ ቆይተው ሥልጣን ሲይዙ አለመሻራቸው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው።

የግቢውን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያነሣው ፈጡሩን ነው። ረፋድ ላይ ትምህርቱ ይቆምና ተማሪው ሰብሰብ ብሎ ከአንድ ሳህን ፉል ይበላል። ሐበሻ፣ ኑባ፣ ጃዓሊ፣ ዲንቃ ሳይባል እጅ ሁሉ አንድ ሳህን ውስጥ ይገባል። በረመዳን ጊዜ ደግሞ ክርስቲያኖቹ ልጆች ጓደኞቻቸው ፊት ላለመብላት ጥግ ይዘው ነው የሚበሉት፤ ማንም አዝዟቸው አይደለም። አንድ የሚያስቅ ነገርም እንጨምር። የሱዳን ክርስቲያን ማንኛውንም ካህን "አቡና" ብሎ ነው የሚጠራው። አዲስ የመጣ ሐበሻ ተማሪ ታዲያ "አቡና መጡ" ሲባል ጳጳስ መስሎት ይደነግጣል፤ ዞር ሲል ካኔተራ የለበሰ ቄስ ኳስ ይዞ ሲመጣ ያያል።

ሁሉ ነገር መልካም ነበር ለማለት አይደለም። ከእኛ አንዳችን ባስተማረበት አንድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት (ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም) አንዲት የወሎ ሙስሊም ልጅ ጠዋት ጠዋት ከመዝሙሩ ጋር አፏን እንድታንቀሳቅስ ትገደድ ነበር። ልጅቱ አልተከራከረችም፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በልቧ ፋቲሃ ትቀራ እንደነበር የነገረችን ከትምህርት ቤቱ ከወጣች በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ ጉዳይ እንምጣ። በሰሜን ሱዳን የመንግሥት የዕረፍት ቀን ዓርብ ነበር፤ በደቡብ ግን እሑድ። ሱዳን በ1956 ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1957 መንግሥት በደቡብ የነበሩትን የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ወረሰ። በየካቲት 1960 ደግሞ የጄኔራል ዓቡድ መንግሥት በደቡብ የዕረፍት ቀን ከእሑድ ወደ ዓርብ ይዙር ብሎ አዘዘ። ምን ሆነ? ተማሪዎች ትምህርት አቆሙ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የተማሪዎቹን አድማ የሚደግፍ ወረቀት አሰራጭተዋል ተብለው አባ ፓውሊኖ ዶጋሌ የሚባሉ ደቡብ ሱዳናዊ ካህን 12 ዓመት ተፈረደባቸው። በ1962 የሚሲዮናውያን ማኅበራት ሕግ ወጣ። በ1964 መጀመሪያ በደቡብ የነበሩት ወደ 300 የሚጠጉ የውጭ ሚሲዮናውያን በሙሉ ተባረሩ። የካርቱሞቹ ግን ቀሩ፤ ኮምቦኒም ማስተማሩን ቀጠለ።

ለጦርነቱ ምክንያቱ አንድ ቀን ብቻ ነበር አንልም፤ መሬትም ሥልጣንም ቋንቋም ነበረበት። ነገር ግን ለገበሬውና ለተማሪው ሩቅ ያለው መንግሥት በእርግጥ የተሰማው እሑዱ የተነካ ዕለት ነው። ያ የመጀመሪያው ጦርነት የቆመው፣ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤዎች በሸመገሉበትና ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴም ባገዙበት፣ በ1972 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ስምምነት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ በ1983 እንደገና ተቀጣጠለ።

ሁለተኛው ጦርነት ደቡቦችንና ኑባዎችን ወደ ካርቱም ዳርቻ አፈሰሳቸው። ማዮ፣ ጀበል አውሊያ፣ ወድ አልበሺር፣ ጀበሮና። ጀበሮና በዐረብኛ "አስገደዱን" ማለት ነው፤ ነዋሪው ነው ስሙን ያወጣለት። በእነዚህ ሰፈሮች የካርቱም ሊቀ ጳጳሳት ገብርኤል ዙቤር ዋኮ፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ፣ "ሊድኑ የሚችሉትን አድን" የሚል ትርጉም ያለው የትምህርት ቤቶች ፕሮግራም አስጀመሩ። ስሙ ራሱ ያሳዝናል፤ ሁሉንም ማዳን አይቻልም ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ምን ነበር? ራኩባ። እንጨት፣ ሣር፣ ምንጣፍ። ከሰኞ ጀምሮ ሕፃናት ፊደል ይቆጥሩበታል፣ ማታ አዋቂዎች ይማሩበታል፣ እሑድ ቅዳሴ ይቀደስበታል። በ1990ዎቹ መንግሥት "ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው" እያለ ብዙዎቹን አፈረሰ። ቤተ ክርስቲያን ሲባል ይፈርሳል፣ ትምህርት ቤት ሲባል ደግሞ ፈቃዱ የት አለ ይባላል። ሰዉ ግን እንጨቱን ሰብስቦ እንደገና ያቆመው ነበር። እዚህ ካምፕ ነፋስ የጣለውን ራኩባ ስንት ጊዜ መልሰን እንዳቆምን የሚያውቅ ሁሉ ይህ እንዴት እንደሚሠራ አይጠፋውም።

የካቲት 10 ቀን 1993 ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ለጥቂት ሰዓታት ካርቱም ገብተው በአረንጓዴው አደባባይ ቅዳሴ ሲቀድሱ፣ ከእነዚህ ሰፈሮች የመጣው ሕዝብ አደባባዩን ሞልቶት ነበር።

በከተማው ውስጥ ያሉት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ደግሞ በዝምታ የኖሩበት መላ ነበራቸው። ዓርብ ይዘጋሉ፣ እሑድም ይዘጋሉ፣ ቅዳሜ ያስተምራሉ። ለሙስሊሙ ጁምዓ፣ ለክርስቲያኑ ቅዳሴ፤ ሁለቱም በቅዳሜ ይከፍላሉ። ይህ ለመምህሩ ይመቻል ማለት አይደለም። ሁለት ተከታታይ ቀን አርፎ የማያውቅ መምህር ልብሱን መቼ ይጠብ? ሆኖም ለዓመታት ሠርቷል። በሐምሌ 2017 የካርቱም ክፍለ ግዛት የትምህርት ባለሥልጣናት የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ዓርብና ቅዳሜ ይረፉ፣ እሑድ ያስተምሩ የሚል ትእዛዝ አወጡ። ያን ጊዜ የነበርን ተማሪዎች እሑድ ጠዋት ደብተር ይዘን ስንሄድ በቅዳሴ ደጅ አልፈን ነበር የምንሄደው። ነጠላ የለበሱት እናቶች ያዩናል፣ እኛም አንገታችንን ደፍተን እናልፋለን። በ2019 ኦማር አልበሺር ከወረዱ በኋላ ትእዛዙ ተነሣ።

ከአራት ዓመት በኋላ ጦርነቱ መጣ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ቅዳሜ ነበር። የከተማዋ መካከል የጦር ሜዳ ሆነ፤ የካርቱም ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። ከ2001 ጀምሮ ከፍተኛ ትምህርት ይሰጥ የነበረው የኮምቦኒ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሌጅ ሥራውን ወደ ፖርት ሱዳን አዛውሯል። እኛ ደግሞ፣ አንዳንዱ በእግር አንዳንዱ በሎሪ፣ ወደ ምሥራቅ መጥተን እዚህ ተገናኘን።

እንግዲህ ለዚያ ተማሪ መልሱ ይህ ነው፤ ሌላም ቦታ ነበር። ለፈተናው ጉዳይ ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ አለን። ፈተናው ሰኞና ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ይሁን። ትልቁ ራኩባ ዓርብም እሑድም ለጸሎት ክፍት ይሁን። የጠዋቱ መዝሙር ላይ ደግሞ አፉን የማያንቀሳቅስ ልጅ አይጠየቅ። ይህን የምትቃወሙ መምህራን ካላችሁ ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ አቅርቡልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።